ወንበር ላይ የተሠራ ዮጋም ዮጋ ነው

ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፤ ቡናችሁን ቅዱና አንብቡት። ጉልበቱን የሚያመው ዘመድ ካላችሁ (የሌለው ማን አለ?) አስተላልፉለት።

ኢንቦክስ ከሚገቡልኝ ጥያቄዎች በብዛት አንደኛ የሆነው ይሄ ነው፦ «ቲቸር፣ ጉልበቴን ያመኛል። ዮጋ ልተው ወይ?» አንዳንዱ ጭራሽ ጥያቄ ሳይሆን ውሳኔ ነው የሚነግረኝ፦ «ቲቸር፣ ጉልበቴን ስላመመኝ ትቼዋለሁ።» ሰኔ 14፣ ያው የዓለም ዮጋ ቀን ካለፈ በኋላ ባሉት ሳምንታት ደግሞ መልእክቱ ይበዛል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሰው በፎቶ ያየውን ሊሞክር ይነሳል፣ እግሩን አጣምሮ መቀመጥ ያቅተዋል፣ እልህ ይይዘዋል፣ ጉልበቱ ይጮህበታል፣ በቃ ይተወዋል።

መልሴን በአጭሩ ላስቀምጥና ከዚያ ላብራራ፦ አትተዉት፣ ቀይሩት። ልብስ ሰፊ ጋ ስትሄዱ ልብሱ በእናንተ ልክ ይሰፋል እንጂ እናንተ ለልብሱ አትቆረጡም አይደል? ዮጋም እንደዚያው ነው። ጉልበታችሁ ዛሬ ያለበትን ሁኔታ ይዛችሁ ትመጣላችሁ፣ እንቅስቃሴው ለሱ ይስተካከላል። ይሄ ለደካማ የተደረገ ቅናሽ አይደለም። ትክክለኛው አሠራር ራሱ ይሄ ነው። ብዙ ሰው ግን እንዲህ አያስብም፣ አሠልጣኞችም ጭምር። እንድጽፍ ያነሳሳኝም እሱ ነው።

ከተማችን ውስጥ አንድ ጂም አለ፣ ስሙን አልጠራም። አሁን ከኔ ጋር የምትሠራ አንዲት እህታችን መጀመሪያ የተመዘገበችው እዚያ ነበር። ዕድሜዋ ወደ ስልሳ እየተጠጋ ነው። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የምትኖረው፣ ሊፍት የለም። ጉልበቷን እንደሚያማት ለአሠልጣኙ አስቀድማ ነግራዋለች። ልጁ ምን አላት? «ህመሙን እለፊው፣ ሰውነትሽ ይለምደዋል።» ይሄም አልበቃውም፤ እግሯን አጣምራ እንደተቀመጠች ከኋላዋ መጥቶ ጉልበቷን በእጁ ወደ ወለሉ ተጫነው። ከዚያ በኋላ ለሦስት ሳምንት ያህል ደረጃ የምትወርደው የብረቱን መደገፊያ ይዛ፣ ፊቷን ወደ ላይ አዙራ፣ የኋሊት ነበር። ዳቦ እንኳን የምታስገዛው የጎረቤት ልጅ ልካ ነው።

እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ ልናገር። የሰውን ጉልበት በእጁ ወደ ታች የሚጫን አሠልጣኝ ካያችሁ ምንጣፋችሁን ጠቅልላችሁ ውጡ። የከፈላችሁት ብር ይቅር። ብሩ ይገኛል፣ ጉልበት ግን ከሱቅ አይገዛም። (የሚገጠም ሰው ሠራሽ ጉልበት አለ አትበሉኝ፣ ዋጋውን ጠይቃችሁ ኑና እናወራለን።)

ለምን እንዲህ እንደምል እንዲገባችሁ ስለ ጉልበት አሠራር ትንሽ ልበል። ዘጠነኛ ክፍል ያስተማርኳችሁ ይሄን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስስለው ታስታውሱ ይሆናል፤ «ቲቸር፣ ይሄ እኮ የበግ ቅልጥም ነው» ብላችሁ የሳቃችሁብኝን እኔም አልረሳሁም።

ጉልበት በዋናነት እንደ በር ማጠፊያ ነው፤ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል። ታጥፎ እያለ ትንሽ የመዞር አቅም አለው፣ ግን ትንሽ ናት። ዳሌ ሌላ ነገር ነው። የጭን አጥንት ጫፍ እንደ ኳስ ክብ ሆኖ ጎድጓዳ ቦታ ውስጥ ስለተቀመጠ ወደ ሁሉም አቅጣጫ ይዞራል። አሁን ሎተስ የሚባለውን አቀማመጥ አስቡት፤ እግሮች ተጣምረው እያንዳንዱ የእግር መዳፍ ተቃራኒው ጭን ላይ ይወጣል። እዚያ ላይ መዞር ያለበት ዳሌ ነው። ዳሌው አልዞር ብሎ እግሩ በግድ ከተጎተተ ግን የጎደለውን የሚከፍለው መሀል ላይ ያለው ምስኪን ነው፣ ጉልበት። በጭን አጥንትና በቅልጥም መካከል ሜኒስከስ የሚባሉ፣ የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያላቸው ሁለት ትራሶች አሉ። ጉልበት ታጥፎ ሲጠመዘዝ የሚቆነጠጡት፣ ሲብስም የሚቀደዱት እነሱ ናቸው። የውስጠኛው ክፍላቸው የደም ሥር ስለሌለው ደግሞ እንደ ጡንቻ ቶሎ አይድኑም።

ስለዚህ «ጉልበቴ ነው ሎተስ የከለከለኝ» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ጥፋተኛውን ተሳስቷል። የከለከለው ዳሌው ነው፣ የተቀጣው ጉልበቱ ነው። የዳሌ አጥንት ቅርጽም ከሰው ሰው ይለያያል። ሃያ ዓመት ቢለማመድም ሎተስ የማይቀመጥ ሰው አለ። አጥንቱ አጥንት ላይ ይቆማል፣ አለቀ። ይሄ ስንፍና አይደለም፣ ጡንቻ ማፍታታትም አይፈታውም።

አሁን ወደሚያናድደኝ ክርክር ልግባ። «ወንበርና ትራስ የፈረንጅ ፈጠራ ነው፣ እውነተኛው የህንዱ ዮጋ እንዲህ አይደለም» የሚሉኝ አሉ። እንግዲያው ስለ ህንዱ እናውራ።

ቢ.ኬ.ኤስ. አይንጋር የሚባል ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1918 ደቡብ ህንድ ውስጥ ከድሃ ቤተሰብ ተወለደ፤ በልጅነቱ ወባ፣ ታይፎይድና ቲቢ ተፈራርቀውበታል። በ1966 ያሳተመው «ላይት ኦን ዮጋ» የሚባለው መጽሐፉ ዮጋን በዓለም ዙሪያ ካስተዋወቁት መጻሕፍት አንዱ ነው። መጽሐፉን ስትገልጡ ሰውየው ራሱን እንደ ገመድ ቋጥሮ ታዩታላችሁ፤ ፎቶዎቹ ያስደነግጣሉ። ግን ይሄው ሰው ነው ፑኔ ከተማ ላይ ሲያስተምር የታጠፈ ብርድ ልብስ፣ ቀበቶ፣ የእንጨት ብሎክ፣ ግድግዳ ላይ የታሰረ ገመድና ወንበር ወደ ዮጋ ክፍል ያስገባው። ራሱ ሁሉን መሥራት የሚችል ሰው ለማይችለው ወንበር አመጣለት። በ2014፣ በ95 ዓመቱ አረፈ፤ ሸምግሎም በእነዚያው ዕቃዎች እየተደገፈ ይሠራ ነበር። የሱ መምህር የነበረው ክሪሽናማቻሪያም ቢሆን በኋለኛው ዘመኑ ማድራስ፣ የዛሬዋ ቼናይ ሲያስተምር፣ ሰውን ለየብቻ እያየ ልምምዱን በሰውየው ዕድሜና አቅም ነበር የሚሠራለት። ልጁ ዴሲካቻርም ዕድሜውን ሙሉ ያስተማረው ይሄንኑ ነው።

ወደ ኋላ እንሂድ ካላችሁም፣ በ15ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈው «ሃታ ዮጋ ፕራዲፒካ» የሚገልጻቸው አቀማመጦች 15 ብቻ ናቸው። ኢንስታግራም ላይ የምታዩት መዓት ሁሉ ከዚያ አልመጣም። ደግሞ እነዚያ አጣምሮ የመቀመጥ ዓይነቶች የወጡት መሬት ላይ ተቀምጦ ከሚበላ፣ መሬት ላይ ተቀምጦ ከሚማር ሕዝብ ነው። ሠላሳ ዓመት የቢሮ ወንበር ላይ፣ ወይም የሚኒባስ መሪ ላይ የከረመ ዳሌ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ተነስቶ ያንን ልሥራ ቢል እንዴት ይሆናል?

ግን ለእኛ ሰው ህንድ ድረስ መሄድም አያስፈልግም። መስጊድ ግቡ። ጉልበታቸውን የሚያማቸው አባት ወንበር ላይ ተቀምጠው ይሰግዳሉ። ከጎናቸው ያለው ወጣት ግንባሩን መሬት ያስነካል፣ እሳቸው ጎንበስ ይላሉ። ሶላታቸው ጎደለ የሚል አለ? የለም፤ መቆም ያልቻለ ተቀምጦ እንዲሰግድ ሃይማኖቱ ራሱ ፈቅዷል። ቤተ ክርስቲያን ግቡ። ሌሊቱን ማኅሌት ቆመው የሚያድሩት ካህናት በምን ተደግፈው ነው? በመቋሚያ። መቋሚያውን አይቶ «አጭበረበሩ» ያለ ሰው እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። በፈጣሪ ፊት እንኳን የተፈቀደ ድጋፍ የዮጋ ክፍል ውስጥ እንዴት ነው ነውር የሚሆነው? ይሄን ጥያቄ ለብዙ አሠልጣኝ ጠይቄያለሁ፣ እስካሁን መልስ የሰጠኝ የለም።

በሌላው ጫፍ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። እሱም «ዕረፍ» የሚለው ምክር ነው። ጉልበቱን ያመመው ሰው ምርመራ ሄዶ የሚመለሰው ብዙ ጊዜ በክልከላ ዝርዝር ነው፦ አትቀመጥ፣ አትንበርከክ፣ ደረጃ አትውጣ፣ ስፖርት ተው። ጉዳቱ ትኩስ ሲሆን ለተወሰኑ ቀናት ማሳረፍ ልክ ነው። ለዓመታት ሲሆን ግን ጭን ይቀልጣል፣ ክብደት ይጨምራል፣ ጉልበቱ ይባስ ይደርቃል። አጥንቶቹ ጫፍ ላይ ያለው ካርቲሌጅ የሚባለው ለስላሳ ልባስ የራሱ የደም ሥር የለውም። ምግቡን የሚያገኘው መገጣጠሚያው ውስጥ ካለው ፈሳሽ ነው። ያ ፈሳሽ ወደ ውስጥ የሚገባው ደግሞ ስንንቀሳቀስ ነው፤ ልክ ስፖንጅ ሲጨመቅና ሲለቀቅ ውሃ እንደሚመጥጠው።

ይሄን የኔ ፍልስፍና አድርጋችሁ አትዩት። የአሜሪካ የሩማቶሎጂ ኮሌጅና የአርትራይተስ ፋውንዴሽን በ2019 መመሪያቸው ላይ፣ ለጉልበት ኦስቲዮአርትራይተስ (ያ «የጉልበት መበላት» የምንለው) የአካል እንቅስቃሴን አጥብቀው ይመክራሉ። ታይቺንም አጥብቀው ይመክራሉ። ዮጋን «እንደ ሁኔታው» ብለው ነው የሚመክሩት፣ ከታይቺ ዝቅ አድርገው ማለት ነው። እኔ ዮጋ ስለማስተምር ይሄን ልደብቃችሁ አልፈልግም። ክብደት ላለበት ሰው ክብደት መቀነስንም ይመክራሉ። አንድ ኪሎ ስትቀንሱ በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበታችሁ ላይ የሚያርፈው ጫና ወደ አራት ኪሎ ገደማ እንደሚቀንስ በጥናት ታይቷል። በቀን የምትራመዱትን እርምጃ አስቡና አባዙት።

ቋንቋችን እኮ ለዚህ መገጣጠሚያና ለኃይል አንድ ስም ነው የሰጣቸው። ጉልበቱን ያመመው ሰው «ጉልበት አጣሁ» ሲል ሁለቱንም ማለቱ ነው። ስለዚህ ሁለቱንም ነው የምንሠራው።

እሺ፣ እንዴት ነው የምንቀይረው? መጀመሪያ ዕቃ። ፈረንጅ የሚሸጠውን ብሎክና ቀበቶ መግዛት አያስፈልጋችሁም። ጠንካራና የማይንሸራተት ወንበር፣ ጎማ እግር ያለው ሳይሆን የእንጨት የምግብ ጠረጴዛ ወንበር፣ ግድግዳ አስደግፋችሁ። አንድ ጋቢ። ሁለት ፎጣ። መቀነት ወይም ያረጀ ነጠላ። ጨረስን።

ተንበርክኮ በሚሠራው እንጀምር፣ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚያ ነውና። በእጅና በጉልበት ተደግፎ ጀርባን ወደ ላይና ወደ ታች የማንቀሳቀስ ሥራ አለ፤ ጋቢውን አራት አጥፋችሁ ከጉልበት በታች ቅልጥማችሁ ስር አድርጉት። ትኩረቱ ቅልጥሙ ላይ ይሁን፤ ጭነቱ ሎሚው ላይ ብቻ እንዳያርፍ ነው። አሁንም ካመማችሁ ተነሱና ያንኑ ቆማችሁ ሥሩት፣ እጃችሁን የወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አድርጋችሁ። ጀርባችሁ የሚሠራው ሥራ ያው ነው። ጀርባ ጉልበት መሬት መንካቱን አያውቅም።

«ቻይልድስ ፖዝ» የሚሉት አለ፤ ተንበርክኮ መቀመጫን ተረከዝ ላይ አሳርፎ ወደ ፊት መደፋት። የዕረፍት አቀማመጥ ነው ይላሉ፣ ለታመመ ጉልበት ግን ዕረፍት አይደለም፤ ጉልበት እስከ መጨረሻው የሚታጠፈው እዚያ ነው። ፎጣ ጠቅልላችሁ ከጉልበታችሁ ኋላ፣ በጭንና በባታችሁ መካከል አስገቡ። እዚያ የምትገኘው ትንሽ ክፍተት ለብዙ ሰው ትበቃዋለች። ካልበቃች በጀርባችሁ ተኙና ጉልበታችሁን ወደ ደረት አምጡ። ስትይዙት ግን ቅልጥሙን ከፊት አትጎትቱ፤ ጭናችሁን ከኋላ በኩል ያዙ። ልዩነቱን ወዲያው ታዩታላችሁ፤ ቅልጥም ስትጎትቱ ጉልበት ይጨመቃል፣ ጭን ስትይዙ ዳሌው ብቻ ይታጠፋል።

ቆሞ በሚሠራው ላይ፣ ማለትም አንድ እግር ፊት ታጥፎ ሌላው ኋላ ተዘርግቶ እጆች በሚዘረጉበት «ዋሪየር» ላይ፣ ስህተቱ ሁልጊዜ አንድ ነው። የፊተኛው ጉልበት ወደ ውስጥ ይወድቃል። ጎንበስ ብላችሁ እዩ፤ ሎሚው ወደ ሁለተኛው የእግር ጣት ማየት አለበት። አውራ ጣታችሁ በጉልበቱ ከተጋረደ ወድቋል ማለት ነው። እርምጃውን አሳጥሩ፣ ማጠፉን በግማሽ ቀንሱ። ካስፈለገ ወንበሩን ከታጠፈው ጭን ስር አስገብታችሁ ተቀመጡበት፤ እግሮቹ ቅርጻቸውን ይይዛሉ፣ ክብደቱን ወንበሩ ይሸከማል። እግር ቀጥ ብሎ በሚቆምበት ሁሉ ደግሞ ጉልበትን ወደ ኋላ አትቆልፉት። በተለይ በተፈጥሯችሁ ልስልስ የሆናችሁ ልጆች፣ ለእናንተ ነው። ቀጥ ከማለቱ በፊት አንዲት ፀጉር ታህል አላሉት።

ለዳሌ ተብሎ የሚሠራው፣ እግርን ከፊት አጥፎ መሬት ላይ የሚተኛበት «ፒጅን» ጉልበት ለሚያመው ሰው በኔ ክፍል ውስጥ የለም። አውጥቼዋለሁ። በሱ ፋንታ በጀርባ ተኝተን አንዱን ቁርጭምጭሚት በሌላው ጭን ላይ እናሳርፋለን። ዳሌው ያንኑ ያህል ይከፈታል፣ ጉልበቱ ላይ ግን የሰውነት ክብደት የለም። ለጭን የኋላ ጡንቻ ደግሞ ተኝታችሁ መቀነቱን የእግር መዳፋችሁ ላይ አድርጋችሁ እግራችሁን አንሱ፣ ጉልበቱ ትንሽ ታጥፎም ቢሆን።

ሎተስ? ይቅር። ለመተንፈስና ለመረጋጋት ከሆነ የምትፈልጉት ወንበሩ ላይ ተቀመጡ፣ ሁለቱም እግር መሬት ይንካ። መሬት ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ የምትሉ፣ ትራስ ደርባችሁ ከፍ በሉ፤ ጉልበት ከዳሌ ዝቅ እንዲል። ከጭናችሁም ስር የታጠፈ ጋቢ ይግባ፣ ጉልበቱ አየር ላይ እንዳይንጠለጠል። የጥንቱ የፓታንጃሊ ጽሑፍ እንኳን ከአቀማመጥ የሚፈልገው መጽናትና መመቸትን ነው፤ ስለ እግር መቋጠር አይደለም።

ከዚህ ሁሉ ግን ትልቁ ጡንቻ ማጠንከሩ ነው፣ ሰው የሚዘለውም እሱን ነው፤ ፎቶ ላይ አያምርማ። እግራችሁን ዘርግታችሁ ተቀመጡ፣ ከጉልበት ስር የተጠቀለለ ፎጣ አድርጉ፣ በጉልበታችሁ ፎጣውን ወደ ታች ተጫኑት። አምስት ቆጥራችሁ ልቀቁ። አስር ጊዜ። በጀርባችሁ ተኝታችሁ ጉልበት አጥፋችሁ መቀመጫችሁን አንሱ፣ ይሄኛው «ብሪጅ» ነው። ከዚያ ከወንበር መነሳትና መቀመጥ፤ እጅ ሳይደገፍ፣ ሲቀመጡ ዝግ እያሉ፣ ዘፍ ሳይሉ። ከባድ ከሆነ ወንበሩ ላይ ሁለት ትራስ ደርቡ። ያቺ የነገርኳችሁ እህታችን የጀመረችው በሁለት ትራስ ነው። ከወር በኋላ አንዱን አነሳን። ከዚያ ሁለተኛውን። አሁን ከቡና ዱካ ላይ እጇን ሳትደገፍ ትነሳለች፣ ደረጃውንም ፊቷን ወደ ፊት አድርጋ ነው የምትወርደው። ተዓምር አይደለም፤ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ለሰባት ወር ነው።

«ህመም ስንት ድረስ ይፈቀዳል?» ትሉኛላችሁ። ብዙ ፊዚዮቴራፒስቶች የሚጠቀሙበትን ነው እኔም የምጠቀመው። ከአስር ቁጥር ስጡት። እስከ ሦስት ያህል ከሆነ፣ ደግሞ በማግስቱ ጠዋት ወደ ነበረበት ከተመለሰ፣ ቀጥሉ። በማግስቱ ብሶ ወይም አብጦ ካገኛችሁት ትናንት በዝቶባችኋል፣ ቀንሱ። የጡንቻ መሳብና የመገጣጠሚያ ህመምንም ለዩ። ጭን ላይ ሰፋ ብሎ የሚሰማ መወጠር ምንም አይደለም። ጉልበት ውስጥ እንደ መርፌ የሚወጋ፣ በአንድ ጣት «እዚህ ጋ» ብላችሁ የምትጠቁሙት ከሆነ ግን ወዲያው ውጡበት። እዚያ ላይ «ጀግና ሁኑ» የሚባል ነገር የለም።

ጉልበታችሁ በድንገት ካበጠ፣ ታጥፎ አልዘረጋ ብሎ ከተቆለፈ፣ ስትራመዱ ከከዳችሁ፣ እግር ማሳረፍ ካቃታችሁ፣ ወይም ቀልቶና ሞቆ ትኩሳት ከጨመረበት ይሄን ጽሑፍ ዝጉትና ሐኪም ጋ ሂዱ። ባታችሁ ካበጠና ካመማችሁም እንደዚያው። ይሄ የዮጋ ጉዳይ አይደለም።

አሁን ለሚቃወሙኝ ባልደረቦቼ። «ሰውን ወንበር ካስለመድከው ይሰንፋል፣ እዚያው ይቀራል» ይሉኛል። እውነት የለበትም አልልም። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ አምስት ዓመት ያንኑ የሚደግም ሰው አይቻለሁ፤ ጉልበቱ ከዳነ ቆይቷል፣ ፍርሃቱ ግን አልዳነም። ግን መፍትሔው ወንበሩን ከመጀመሪያው መከልከል ነው? ትራሱን አንድ በአንድ ማንሳት ነው እንጂ። ይሄ ደግሞ አሠልጣኝ ተማሪውን እንዲያውቅ ይጠይቃል። ሠላሳ ሰው በአንድ አዳራሽ ሰብስቦ፣ ሙዚቃ ከፍቶ፣ ከፊት ቆሞ ራሱ የሚሠራ አሠልጣኝ የማንን ትራስ መቼ እንደሚያነሳ ከየት ያውቃል? ወንበሩን የሚጠላው ተማሪው እንዳይሰንፍ ሰግቶ አይመስለኝም። ወንበር ያለበት ክፍል አሠልጣኙን ያሠራዋል። ይሄን ስል የሚቀየሙኝ እንዳሉ አውቃለሁ።

ከምንጣፉ ውጭ ስላለው ትንሽ ልጨምር፤ ጉልበት የሚጎዳው በሳምንት ሦስት ሰዓት ዮጋ ብቻ አይደለምና። ደረጃ ስትወጡ ደህናው እግር ይቅደም፣ ስትወርዱ የታመመው ይቅደም። መደገፊያውን መያዝ ነውር የለውም። ቁጢጥ ማለት የግድ በሆነበት መጸዳጃ ቤት ግድግዳው ላይ የሚያዝ ብረት ማስገጠም ይቻላል፤ በየሰፈሩ ያለ የብረት በር ሠሪ ይሠራላችኋል። ቡና የምታፈሉ እናቶች፣ ዱካው ዝቅ ያለ ነው፤ ከፍ ያለ በርጩማ አምጡና ረከቦቱን ጠረጴዛ ላይ አድርጉት። ቡናው አይቀየማችሁም። ጾም ሲገባ ስግደት የምታበዙ ደግሞ ከጉልበታችሁ ስር ጋቢ አድርጉ፣ ስትነሱ ወንበር ያዙ፣ ካልሆነም የንስሐ አባታችሁን አማክሩ። ያማከሩ ተማሪዎቼ አሉኝ፤ «ጎንበስ በል፣ ይበቃሃል» ተብለው ነው የመጡት። ከብዙ አሠልጣኝ ይልቅ ቄሱ ለጉልበት ያዝናሉ።

አዲስ ክፍል የምትጀምሩ ከሆነ አሠልጣኙን ከመመዝገባችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁት፦ «ጉልበቴን ያመኛል፣ ለኔ ምን ትቀይርልኛለህ?» ወንበር፣ ፎጣ፣ ግድግዳ የሚል መልስ ከሰጣችሁ፣ ወይም እሱም መልሶ «የቱ ጋ ነው የሚያምሽ? መቼ ጀመረሽ?» ካለ፣ ግቡ። «ችግር የለውም፣ ይለምደዋል» ካለ ግን አመስግናችሁ ውጡ።

በመጨረሻ አንድ ልመና። የኤምአርአይና የራጅ ፎቶ ኢንቦክስ አትላኩልኝ። የስፖርት መምህር ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም፣ ማንበብም አልችልም። የወንበራችሁን ፎቶ ላኩልኝ፤ ይንሸራተት አይንሸራተት፣ ቁመቱ ለእናንተ ይሁን አይሁን እሱን አይቼ እነግራችኋለሁ።